ድካምና ሀኬት

ሥራ ለሰው ልጅ ከርግማን አስቀድሞ የተሰጠ ነው። እግዚአብሔር አዳምን በገነት ያኖረው ያበጃትና ይጠብቃት ዘንድ እንደ ሆነ ኦሪት ዘፍጥረት በምዕራፍ 2 ይነግረናል፤ መጽሐፈ ኩፋሌም አዳምና ሔዋን በገነት በኖሩባቸው በሰባቱ ዓመታት መላእክት የእርሻን ሥራ እንዳስተማሯቸው ይጨምራል። ከሕግ መተላለፍ በኋላ የመጣው ላቡና እሾሁ ነው እንጂ ሥራው አይደለም። ይህን አስቀድመን መናገራችን ያለ ምክንያት አይደለም። በዘመናችን የሥራ ድካም ነገር ሲነሣ የሁለት ወገን ቃል ይሰማል፤ አንዱ ወገን ሥራን ሁሉ እንደ ቅጣት ቈጥሮ መሸሽን ብቻ ያስባል፤ ሁለተኛው ወገን የደከመውን ሰው ሁሉ ሰነፍ ነው ብሎ ይፈርድበታል። ለፊተኛው ወገን ድንኳን እየሰፋ ወንጌልን የሰበከው ሐዋርያ ቅዱስ ጳውሎስ በቃልም በእጅም መልስ ሰጥቶታልና እኛ አንመለስበትም። እኛ የምንናገረው ስለ ኋለኛው ነው፤ ይህ ስሕተት በገበያና በመሥሪያ ቤት ብቻ ሳይቀር በንስሐ አባቶች ዘንድም ይገኛልና፥ ነፍስንም ይጎዳልና።

ነገሩን በምናውቀው አገር ላይ እንየው። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ምሥራቅ በ130 ኪሎ ሜትር ርቀት፥ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር በሚዘል ከፍታ ላይ የተቀመጠች፥ ብርዷ አጥንት የሚገባ ከተማ ናት። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በሰማይ የታየውን ብርሃን ምክንያት አድርገው ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት የሠሩባት፥ እስከ ዕረፍታቸው እስከ 1460 ዓ.ም. የኖሩባት ናት። የአገሩ ሥራ ለብዙ መቶ ዓመታት ገብስና ባቄላ ማረስ፥ በግ ማርባት፥ ጠጉሩን ፈትሎ ባና መሥራት ነበረ፤ ሴቲቱ ትፈትላለች፥ ሸማኔው ይሠራል። ዛሬ በዚያች ከተማ የብርድ ልብስ ፋብሪካ፥ የቢራ ፋብሪካዎች፥ በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመ ዩኒቨርሲቲ፥ ሆስፒታል፥ በ2011 ዓ.ም. የተመረቀ የኢንዱስትሪ ፓርክም አሉ። ይህ ሁሉ ለብዙ ወጣት እንጀራ ሆኖአልና እግዚአብሔርን እናመሰግናለን። ነገር ግን የሥራው ጠባይ መለወጡን ካህናት ልብ ልንለው ይገባል።

ገበሬው ይደክማል፤ ድካሙ ግን ወራት አለው። ከክረምቱ እርሻ በኋላ አረም፥ ከአረም በኋላ አጨዳና ውቂያ ይመጣል፥ ከዚያ በኋላ ግን በሬውም ሰውዬውም ያርፋሉ። በወንፈልና በደቦ ሲሠራ ዜማው ድካሙን ያቀልለታል፤ በሰንበትና በበዓል ቀን ቀንበሩን ይሰቅላል። የበዓላቱ ብዛት ድህነት አመጣ የሚሉ ሰዎች አሉ፤ በዓልን ለመጠጥና ለወሬ የሚያውል መኖሩን አንክድም፤ ሆኖም እነዚያ በዓላት ለሰውና ለእንስሳ ያስገኙትን ዕረፍት ሒሳብ ውስጥ ሳያስገቡ መፍረድ ግማሹን መዝኖ ግማሹን መተው ነው። በፋብሪካ ፈረቃ የገባው ሰው ግን ከማሽን ጋር ነው የተጠመደው። ማሽን ክረምትና በጋ የለውም፤ ሌሊትና ቀንም አያውቅም። ሠራተኛዪቱ በዚህ ሳምንት ቀን፥ በሚቀጥለው ሳምንት ሌሊት ትሠራለች፤ እናቷ በገጠር ናት፥ የተከራየችው ቤት ጠባብ ነው፥ አብረዋት የሚኖሩት በሌላ ፈረቃ ስለሚገቡ እርስዋ ልትተኛ ስትል እነርሱ ይነሣሉ።

እንዲህ ያለችው ልጅ ከወራት በኋላ ወደ ንስሐ አባቷ ትመጣለች። የምትናገረውም ይህን የመሰለ ነው፤ ጸሎት አቃተኝ፥ በቅዳሴ ቆሜ አንቀላፋለሁ፥ ቀድሞ የምወዳቸውን ጓደኞቼን ማየት አስጠላኝ፥ የምሠራው ሁሉ ከንቱ መሰለኝ፥ ለምን እንደማለቅስ አላውቅም። በዚህ ጊዜ ካህኑ፥ ‹ልጄ፥ ይህ የሰይጣን ስንፍና ነው፤ በየሌሊቱ ተነሥተሽ መቶ ስገጂ› ቢላት ምን አደረገላት? እንቅልፍ ላጣች ልጅ እንቅልፍ የሚያሳጣ ቀኖና ሰጣት ማለት ነው። መቶውን ስግደት ሳትፈጽመው ስትቀር ደግሞ በድካሟ ላይ የበደለኛነት ሸክም ይጨመርባታል፤ ሁለተኛም አትመጣም። የዚህ ጽሑፍ ጭንቀት ይህ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ይህን መዛል በበሽታዎች መዝገቡ ውስጥ ሲጽፈው በሽታ ብሎ አልሰየመውም፤ በሥራ ቦታ ለረጅም ጊዜ ቆይቶ መልካም አያያዝ ካላገኘ ጭንቀት የሚመጣ ነገር ነው አለ እንጂ። ምልክቶቹም ሦስት ናቸው፤ ኃይል ተሟጦ ማለቅ፥ ልብ ከሥራው መራቅና ሥራውን በምሬት መመልከት፥ ከዚያም የሚሠሩት ሁሉ ፍሬ ቢስ መስሎ መታየት። ስሙን በ1974 እ.ኤ.አ. ያወጣለት ሄርበርት ፍሮይደንበርገር የተባለ በአሜሪካ የሚኖር የሥነ ልቡና ሐኪም ነበረ፤ ቃሉም በእንግሊዝኛ ነዶ ማለቅን ያመለክታል። ሐኪሙ ነገሩን ያስተዋለው በሰነፎች ላይ እንዳልነበረ እናስተውል፤ ለድኆችና ለተቸገሩ ወጣቶች ሕክምና በነጻ ይረዱ በነበሩ፥ ሥራቸውን በወደዱ ሰዎችና በራሱም ላይ ነው። የሚነድደው አስቀድሞ እሳት የነበረበት ነውና።

አባቶቻችን መነኮሳት ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ነገር ከ1,600 ዓመት በፊት ያውቁ ነበር። በግብፅ በረሐ የነበሩት አበው በመዝሙር 90 ከተነገረው ከጋኔነ ቀትር ጋር አያይዘው ስለ አንድ ፈተና ጽፈዋል። መነኮሱ በቀትር ጊዜ ፀሐይ የቆመች ይመስለዋል፤ በመስኮት እየደጋገመ ይመለከታል፤ በዓቱን ይጠላል፤ ከወንድሞች መካከል ፍቅር የጠፋ፥ የሚያጽናናውም የሌለ ይመስለዋል፤ ሌላ ቦታ ብሄድ ይሻለኝ ነበር ይላል። ይህን ከላይ ከተነገሩት ምልክቶች ከሁለተኛው ጋር ያነጻጸረ ሰው የሰው ልብ በበዓትም በፋብሪካም አንድ መሆኑን ያያል። ፈተናው ወደ ግእዝ በደረሰው የመነኮሳት ትምህርት ከሀኬት ጋር ይቀራረባል። ይሁን እንጂ ሀኬት ሁለት ፊት አለው። ጌታ በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 25 ሀካይ ያለው ባሪያ መክሊቱን ቀብሮ ያስቀመጠው ነው፤ እርሱ ገና ከመጀመሪያው አልሠራም። በበዓቱ ውስጥ በቀትር የተፈተነው መነኮስ ግን ሲሠራ፥ ሲጾም፥ ሲጸልይ ቆይቶ ነው የዛለው። ሁለቱን በአንድ ስም ጠርተን በአንድ መድኃኒት ማከም አይገባም።

እንግዲህ በምን እንለያቸዋለን? በመጨረሻው መልክ ብቻ አይለዩም፤ ሰነፉም የዛለውም ሥራውን ትቶ ተቀምጦ ይገኛልና። የሚለዩት በመጡበት መንገድ ነው። ሰነፉ ሥራውን ሳይወድድ ኖረ፤ የዛለው ወድዶት ነበር። ሰነፉ ቢያርፍ ሌላ ዕረፍት ይፈልጋል፤ የዛለው በቂ ዕረፍት አግኝቶ ሸክሙም ከተቃለለለት እጁ ወደ ሥራው ይመለሳል። ሰነፉ ስንፍናው አያሳፍረውም፤ የዛለው በተለይ በመጀመሪያው ወራት ራሱን እየወቀሰ፥ የጎደለውን ለመሙላት ከቀድሞው አብልጦ ይሠራል፥ ያም ይብሱን ያደክመዋል። ስለዚህ የንስሐ አባት ከቀኖናው በፊት ጥያቄ ይቅደም። በቀን ስንት ሰዓት ትሠሪያለሽ? መቼ ትተኛለሽ? ምን ትበያለሽ? አለቃሽ እንዴት ይናገርሻል? ይህ የሥጋ ጥያቄ ነው፥ ካህንን አይመለከትም የሚል ቢኖር ነቢዩ ኤልያስን ያስብ።

ኤልያስ በቀርሜሎስ ተራራ የበዓልን ነቢያት ድል ካደረገ በኋላ የኤልዛቤልን ዛቻ ሰምቶ ሸሸ፤ በምድረ በዳም ከክትክታ ዛፍ በታች ተቀምጦ ሞትን ለመነ (1ኛ ነገሥት 19)። ይህን ታላቅ ነቢይ ማን ሰነፍ ይለዋል? እግዚአብሔር ያደረገለትን ቅደም ተከተል እንከተል። አልገሠጸውም፤ ተኝቶ ሳለ መልአክ ቀስቅሶ እንጎቻና ውኃ ሰጠው፤ በላ፥ ጠጣ፥ ተመልሶም ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ ቀሰቀሰው፥ መንገዱ ሩቅ ነውና ብላ አለው። በዚያ ምግብ ኃይል አርባ ቀንና አርባ ሌሊት ተጓዘ። ‹በዚህ ምን ታደርጋለህ?› የሚለው የእግዚአብሔር ጥያቄ የመጣው ከእንቅልፍ፥ ከምግብና ከመንገድ በኋላ በኮሬብ ነው። በመጨረሻም ብቻዬን ቀረሁ ላለው ነቢይ ሰባት ሺህ ሰዎች እንዳሉ ተነገረው፥ ኤልሳዕም ረዳትና ተተኪ ሆኖ ተሰጠው። እንቅልፍ፥ ምግብ፥ ጊዜ፥ መጠየቅ፥ ረዳት፤ ዛሬ ሐኪሞች ብዙ ወረቀት የጻፉበት ነገር በአንድ ምዕራፍ ውስጥ በተራ ተቀምጦአል።

ስለ ቅዱስ እንጦንስም የሚነገረውን የሚያውቅ ያውቀዋል። በበረሐ ልቡ በዛለበትና አሳቡ በተበታተነበት ጊዜ፥ ጥቂት ተቀምጦ እጀ ሥራውን ሲሠራ፥ ከዚያ ተነሥቶ ሲጸልይ፥ እንደ ገና ተቀምጦ ገመዱን ሲጎነጉን መልአክን በሰው አምሳል አየ፤ ሥርዓቱን ከዚያ ተማረ። በሌላ ጊዜ ደግሞ ከወንድሞች ጋር ሲጫወት አንድ አዳኝ አይቶት ቢደነቅ፥ ቀስትህን ገትር አለው፤ ገተረ። ጨምረህ ገትር አለው፤ ጨመረ። ሦስተኛ ሲያዘው አዳኙ፥ ከልክ ካለፈ ይሰበራል አለ። ቅዱሱም የወንድሞችን ነገር በዚያው አስረዳው። የምናኔ አባት የተባለው እንጦንስ እንኳ ለመገተር ልክ ካበጀለት፥ ልጆች አሳድጋ በሌሊት ፈረቃ ለምትሠራ ሴት ልክ አለማበጀት ከአባቶች ሥርዓት ያልተገኘ ጭካኔ ነው።

እስካሁን ስለ ደካማው ተናገርን፤ ስለ አድካሚው ግን ዝም ብንል እውነቱን ግማሽ አደረግነው። መዛል ከሠራተኛው ልብ ብቻ አይመነጭም። ዛሬ የሥራ ጤና ሊቃውንት ሰውን በሥራ ቦታ የሚጎዱትን ነገሮች ሲቈጥሩ እሳትና ስለት፥ ድምፅና አቧራ ብቻ አይቈጥሩም፤ ከልክ ያለፈ ሥራ፥ ግልጥ ያልሆነ ትእዛዝ፥ በገዛ ሥራ ላይ ሐሳብ እንዳይሰጡ መከልከል፥ ስድብና ማስፈራራት፥ ሴቶችን በነውር ማስቸገር፥ ነገ እባረራለሁ የሚል ስጋት፥ እነዚህን ሁሉ ይቈጥራሉ። ኦሪት ዘጸአትም በምዕራፍ 5 ፈርዖን ገለባ ከልክሎ የጡቡን ቍጥር እንዳላጎደለ ከጻፈች በኋላ፥ የደከሙትን ሕዝብ ሰነፎች ናችሁ ያላቸው እርሱ ራሱ መሆኑን ትናገራለች። ይህን ቃል በሠራተኛ ላይ የሚናገር ሁሉ ከማን አፍ እንደ ወጣ ቢያስብ መልካም ነው።

የአገራችን ሕግ በዚህ ነገር ዝም አላለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ዐዋጅ ቍጥር 1156/2011 የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፥ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ፥ ትርፍ ሰዓትም ቢሆን በቀን ከ4፥ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳያልፍ ወስኖአል። በየሳምንቱ ያልተቋረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት፥ በመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ፥ ለወላድም ከወሊድ በፊትና በኋላ በድምሩ 120 ቀን ይሰጣል። ካህናት ይህን ማወቅ ምን ይጠቅማቸዋል የሚል አይጠፋም። የንስሐ ልጆቻችን አሠሪዎችም ሠራተኞችም ናቸው፤ ሥራ አስኪያጁም ንስሐ ሊገባ ይመጣል። ሐዋርያው ለቈላስይስ ሰዎች በጻፈው መልእክት በምዕራፍ 4 ጌቶች ለአገልጋዮቻቸው ቅንና እኩል የሆነውን እንዲሰጡ አዝዞአል፤ ይህንን ሥራ አስኪያጁን የሚጠይቀው የንስሐ አባት ነው። ጾሙን ጠየቅኸው፥ ዐሥራቱን ጠየቅኸው፤ የሠራተኞቹን ሌሊት ለምን አልጠየቅኸውም?

ዕረፍት በቤተ ክርስቲያናችን ከሰው ቸርነት የሚወጣ ስጦታ አይደለም፥ ሥርዓት ነው። ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 5 ሰንበትን ሲያዝዝ አገልጋይህ እንደ አንተ ያርፍ ዘንድ የሚል ምክንያት ይሰጣል፤ እስራኤልም በግብፅ ባሪያ እንደ ነበረ ያሳስበዋል። በሲኖዶስ የሚገኘው የሐዋርያት ሥርዓት አገልጋዮች አምስት ቀን ሠርተው በቀዳሚትና በእሑድ ሰንበት ከሥራ ዐርፈው ወደ ቤተ ክርስቲያን እንዲሄዱ ያዝዛል። የሁለቱ ሰንበታት ክብር የጸናው ደግሞ ከደብረ ብርሃን ሩቅ ባልሆነ ስፍራ ነው፤ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በተጉለት በደብረ ምጥማቅ በ1442 ዓ.ም. ገደማ ባደረጉት ጉባኤ። ስለዚህ ጉባኤ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚነሣው የነገረ ሃይማኖት ክርክሩ ነው። እኛ አንድ ነገር እንጨምር፤ በዚያ ውሳኔ የተጉለት ገባር በሳምንት ሁለት ቀን ከቀንበሩ ነጻ ወጥቶአል። የዛሬው ባለ ፋብሪካ አምላክ የሰጠውን አንዱን ቀን እንኳ በትርፍ ሰዓት ስም ሲወስድ፥ ከሠራተኛው የሚወስደው ገንዘብ ከሚከፍለው ይበልጣል።

ስለ ንግግርም እንናገር። ከሥራው ብዛት ይልቅ ብዙ ሰው የሚዝለው ከአለቃ አፍ የተነሣ ነው። በአንኮበርና በአካባቢዋ ብረት ቀጥቃጩ፥ ሸክላ ሠሪዋ፥ ሸማኔው ለአገሩ ሁሉ ማረሻና እንስራ፥ ልብስም እያቀረቡ ሲሰደቡ ኖረዋል፤ ማረሻውን ወስዶ ቀጥቃጩን ቡዳ ነው የሚል ገበሬ ነበረ። በአንጎለላ ተወልደው፥ በአንኮበር ነግሠው አገር የገዙት ዳግማዊ ምኒልክ በኋላ በንጉሠ ነገሥትነታቸው ዘመን በእጅ ሥራቸው የተነሣ ሠራተኞችን መስደብ እንዲቀር ዐዋጅ አስነግረዋል። ንጉሥን ያህል ሰው በስድብ ላይ ዐዋጅ ማውጣቱ፥ ቃል ከጅራፍ የማያንስ ጉዳት እንዳለው ስለ ተረዱ ነው። ስድቡ ዛሬ ከመንደር ወደ ፋብሪካውና ወደ ቢሮው ገብቶ ሌላ ልብስ ለብሶአል እንጂ አልሞተም።

በዚህ ላይ በውጭው ዓለም የስሜት ብልህነት የሚባል ትምህርት መጥቶአል። በ1990 እ.ኤ.አ. ፒተር ሳሎቬይና ጆን ሜየር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን መምህራን ጻፉበት፤ በ1995 እ.ኤ.አ. ዳንኤል ጎልማን መጽሐፍ አድርጎ በዓለም አስነገረው። ፍሬ ነገሩ ሰው የገዛ ልቡን ስሜት አውቆ እንዲገዛው፥ የሌላውንም ስሜት አይቶ እንዲረዳው ነው። ይህ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም፤ እኛ ስሜትን በሆድ እንጠራዋለን፥ ታጋሹን ሆደ ሰፊ፥ ቶሎ የሚከፋውን ሆደ ባሻ እንላለን። ሆደ ሰፊ አለቃ የሠራተኛውን ፊት አይቶ ምን ሆንህ ይላል። ነገር ግን ሁለት ነገር እንጠንቀቅ። አንደኛው፥ ሆድ ይፍጀው የሚለው ልማዳችን ነው፤ ችሎ ዝም ማለት ለበጎ ነገር ጊዜ አለው፥ ዘወትር ከሆነ ግን ቁስልን ሸፍኖ ማመርቀዝ ነው፤ የኑዛዜ ምሥጢር ራሱ ሰው የሆዱን አውጥቶ እንዲናገር የተሠራ ነውና። ሁለተኛው፥ ይህን ትምህርት ሥራ አስኪያጆች ሠራተኛውን እያባበሉ ከልኩ በላይ ለማሠራት ከተጠቀሙበት ብልህነቱ ወደ ሽንገላ ይለወጣል። ሰዓቱን ሳይቀንሱ ፈገግታ መጨመር ገለባ ከልክሎ ጡብ ሠሪውን እንደ ማመስገን ነው።

ድካሙ ከዚህ ደረጃ አልፎ ሲገኝ ደግሞ ካህኑ የራሱን ወሰን ይወቅ። ለሳምንታት እንቅልፍ ያጣ፥ መብል ያስጠላው፥ ሞትን የሚመኝ ሰው ወደ ሐኪም ይላክ፤ ዛሬ ሳይባል፥ ብቻውንም ሳይተውት። በመጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር፥ እርሱንም የፈጠረ እግዚአብሔር ነው የሚል ትምህርት አለ። በጠበል ቦታ ያለ ሕመምተኛ ሐኪም ያዘዘለትን መድኃኒት እንዲያቋርጥ የሚያዝዙ አሉ፤ ይህ ከየትኛውም መጽሐፍ የተገኘ ሥርዓት አይደለም፥ ሰውንም ያጠፋል። ጠበሉን ይጠመቅ፥ መድኃኒቱንም ይውሰድ። ዲድስቅልያ ኤጲስ ቆጶሱን በሐኪም መስሎ ሲናገር፥ ከመቍረጥ አስቀድሞ በሚያለዝብ መድኃኒት እንዲጀምር ያስተምራል፤ ይህም ትምህርት ለንስሐ አባት ሁሉ ይጠቅማል።

በሰሜን ሸዋ ደግሞ ከፋብሪካ ሠራተኛ በላይ የሚዝሉ ሰዎች አሉ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትንና ደብረ ሲናን በደረሰ ጊዜ፥ ከዚያም በፊትና በኋላ ከወለጋ የተፈናቀለው ሕዝብ በደብረ ብርሃን በተጠለለ ጊዜ፥ ነርሶች፥ መምህራን፥ እርዳታ አዳዮችና ካህናት የሌላውን ዕንባ ሲያብሱ የራሳቸውን የሚያብስላቸው አላገኙም። የሌሎችን ሐዘን የሚሸከም ሰው ሐዘኑ ይጋባበታል። ሙሴ እንኳ በኦሪት ዘኍልቍ በምዕራፍ 11 ይህን ሕዝብ ብቻዬን ልሸከም አልችልም ብሎ ከዚህስ ግደለኝ እስከ ማለት ደረሰ፤ እግዚአብሔርም ሰባ ሽማግሌዎችን ሰጠው። አማቱ ዮቶር ግን አስቀድሞ አይቶት ነበር፤ ከጠዋት እስከ ማታ ብቻውን ሲፈርድ ባየው ጊዜ፥ አንተም ሕዝቡም ትዝላላችሁ ብሎ የሺህ፥ የመቶ፥ የዐምሳና የዐሥር አለቆች እንዲሾም መከረው። ሙሴ ነቢይ ሲሆን የምድያምን ካህን ምክር ሰማ፤ ለእኛ ለካህናት የሚከብደን ይህኛው ነው።

ስለ ራሳችን ወገን ስለ ካህናት ከተነሣ አይቀር እንናገር። በአንኮበር ገደል ዳር ባለ ደብር ያለ ቄስ ሌሊት ማኅሌት ቆሞ፥ ጠዋት ቀድሶ፥ ቀትር ላይ ሙታን ቀብሮ፥ በማግሥቱ ደግሞ በሬ ጠምዶ ያርሳል፤ ደመወዙ ጥቂት ነው፤ የንስሐ ልጆቹ ብዙ ናቸው፥ የእርሱን ግን የሚጠይቀው የለም። ቅዳሴ ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት ይፈልጋል፤ ወጣቶቹ ወደ ከተማ ስለ ወረዱ በብዙ አጥቢያ አምስቱን ለማሟላት አንዱ ሰው ያለ ዕረፍት ይቆማል። እንዲህ ያለው ካህን ቢቈጣ፥ የኑዛዜን ቃል አቋርጦ በመቶ ስግደት ቢያሰናብት፥ ምንጩ ጭካኔ ላይሆን ይችላል፤ እርሱም ዝሎአል።

ቤተ ክርስቲያናችን ለዚህ የቆየ ሥርዓት አላት፤ ሰሞን ነው። ንጉሡ ዳዊት ካህናቱን በሃያ አራት ክፍል መደበ (1ኛ ዜና መዋዕል 24)፤ የዮሐንስ መጥምቅ አባት ዘካርያስ በአብያ ክፍል ተራው ደርሶት ሲያጥን ነው መልአኩን ያየው። በየደብሩም ሰሞነኛው ሳምንቱን አገልግሎ ለተረኛው ያስረክባል፤ ባረፈበት ሳምንት የእርሻውን፥ የቤቱን፥ የመጽሐፉን ነገር ያያል። ተራውም አስቀድሞ የታወቀ ስለ ሆነ ሰውዬው ሰውነቱን ያዘጋጃል፤ ፈረቃ በየጊዜው በድንገት የሚገለባበጥባቸው መሥሪያ ቤቶች ከዚህ ሊማሩ ይችላሉ። ካህናት ባነሱበት አጥቢያ ሰሞኑ ፈርሶ ሁሉም በየሳምንቱ ሰሞነኛ ከሆነ ግን፥ የወረዳው ቤተ ክህነት ጎረቤት አድባራትን አስተባብሮ፥ በክብረ በዓላቸው ቀን እየተረዳዱ፥ በሌላው ጊዜ ካህናቱን እየተዋዋሱ ሰሞኑ እንዲመለስ ቢያደርግ፥ አበል ሳይጨመር የሚፈጸም ሥራ ነው። ለንስሐ አባቶችም በየወሩ አንድ ቀን በአንድ ደብር ተሰብስበው፥ የማንንም ምሥጢር ሳያወጡ፥ የከበዳቸውን ነገር ከሊቃውንቱ ጋር የሚመክሩበት ጉባኤ ይቋቋምላቸው፤ በዚያም ቀን ሰንበቴው ምሳ ያዘጋጅላቸው።